በኪራይ ስፖርት መኪና አሜሪካን ስታቋርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሜይ ሲጋመስ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። አንዱ ከስቶክሆልም፣ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከጎረቤቴ። «ከዲሲ ተነስተን ሎስ አንጀለስ ልንገባ ነው፤ ሙስታንግ ልንከራይ አስበናል፤ አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ» ይሉኛል። አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ ስቴት ከስቴት የሚያገናኙትን አውራ ጎዳናዎች፣ ኢንተርስቴት 40ን፣ 70ን፣ 80ን ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩባቸው ቆጥሬ አልዘልቀውም። ደስታቸው ደስ ይለኛል። አቅሙ ያለው ሰው ይህን አገር በዕድሜው አንድ ጊዜ በመሬት ሊያቋርጠው ይገባል ብዬም አምናለሁ። ግን የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ መኪናው ቀለምና ጣሪያው ይከፈት አይከፈት እንደሆነ ነው። ስለ ኪራይ ውሉ የሚጠይቀኝ የለም። ሁለተኛው ስልክ ከመንገድ ላይ ሲደወል ግን ብዙውን ጊዜ ጣጣው ከውሉ የመጣ ነው።

መጀመሪያ መኪናውን፣ ከዚያ መንገዱን መምረጥ

ከዲሲ ሎስ አንጀለስ 2,700 ማይል ገደማ ነው። ወደ ግራንድ ካንየን ወይም ወደ ሞኑመንት ቫሊ ጎራ ካላችሁ በቀላሉ 3,500 ይሆናል። ኮርቬት፣ ፖርሽ ወይም ከዚያ የሚበልጥ መኪና የሚያከራዩ ቤቶች ደግሞ በአብዛኛው የቀን ማይል ይገድባሉ። በቀን 150 ማይል ተፈቀደላችሁ እንበል፤ ለአሥር ቀን 1,500 ነው። 3,500 ከነዳችሁ 2,000 ማይል ትርፍ አለባችሁ። ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል 50 ሳንቲም ቢሆን እንኳ 1,000 ዶላር ተጨማሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉም አሉ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ መኪናውን ከወሰዳችሁበት ቦታ ውጪ አይረከቧችሁም፤ ከተወሰኑ ስቴቶች እንዳይወጣ የሚከለክሉም አሉ። ስለዚህ ኮርቬት ይዞ ከባሕር እስከ ባሕር የሚለው ሐሳብ ለብዙ ሰው መመለሻ የሌለው ሐሳብ ነው።

ትልልቆቹ አከራዮች ሙስታንግን ብዙ ጊዜ ያለ ማይል ገደብ ይሰጣሉ፤ ሌላ ከተማ ላይ ለመመለስም ተጨማሪ እያስከፈሉ ይፈቅዳሉ። እዚያም ቢሆን ያስያዛችሁት ምድቡን እንጂ መኪናውን አይደለም። «ሙስታንግ ወይም ተመሳሳይ» ይላል፤ «ተመሳሳይ» የሚለውን ቃል ሳያነቡ መጥተው የአከራዩ ባንኮኒ ፊት የሚያዝኑ ወጣቶች አይቻለሁ። የሙስታንግ ተፎካካሪ የነበረው የሼቭሮሌት ካማሮ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ስለማይመረት ምርጫው ራሱ ጠቧል።

ስሙ ውሉ ላይ ለሌለ ሰው መሪ መስጠት

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። በየዓመቱ እናገራለሁ፣ በየዓመቱ ይደረጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሰው ይሄዳል፤ አንዱ በስሙ ይከራያል። ባንኮኒው ላይ «ሌላ የሚነዳ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለም» ይላል፤ ለተጨማሪ ሹፌር በየቀኑ የሚከፈለውን ለማትረፍ። መንገድ ላይ ሲደክመው ደግሞ የአክስቱ ልጅ ከጎኑ ቁጭ ብሎ እያየው ቁልፍ መከልከል ይከብደዋል። ነውር ይመስለዋል። በእኛ ዘንድ መኪናም እንደ እንጀራ ነው፤ አብሮ የተቀመጠ ሰው ይካፈላል። አከራዩ ግን ይህን ይሉኝታ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ፈርሞ የወሰደውን ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሰርግ ወደ ላስ ቬጋስ ይሄዱ የነበሩ አራት ዘመዳሞች ቴክሳስ ውስጥ ከአማሪሎ አቅራቢያ ደወሉልኝ። ትንሹ እየነዳ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከጭነት መኪና የተላጠ ጎማ መንገዱ መሃል ተጋድሞ ነበር፤ አመሻሽ ስለሆነ አላየውም። ለእኔ መኪና ያ ጎማ ምንም አይደለም። መሬት ለመሬት ለሚሄድ ስፖርት መኪና ግን ከሥሩ ገብቶ ራዲያተሩን ቀደደው። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ተከራዩ በቀን ከ30 ዶላር በላይ እየከፈለ የአከራዩን ሙሉ ሽፋን ገዝቶ ነበር። በፖሊስ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው የሹፌር ስም ግን ውሉ ላይ የለም። ሽፋኑ በዚያው ቀረ። የጥገናው፣ የመጎተቻው፣ መኪናው ጋራዥ ለቆመበት ለእያንዳንዱ ቀን የሚታሰበው ኪራይ፣ ሁሉም በእሱ ላይ ወደቀ። ሁለት ዓመት ያህል በየወሩ ከፍሏል። ልጁ ከዚያ ወዲህ በቤተሰብ ድግስ ላይ ቀና ብሎ አያየውም።

ያን ማታ በስልክ አንደኛው «ተከራዩ ነው የነዳው ብንልስ?» አለኝ። ኢንሹራንስን ማጭበርበር ወንጀል ነው፤ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሕይወታችሁን አትጨምሩበት አልኳቸው። ሰሙኝ።

የሚነዳው ሁሉ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ባንኮኒው ፊት ይቁም፤ ስሙ ይጻፍ። ብዙ አከራዮች የትዳር ጓደኛን ያለ ክፍያ ይጨምራሉ፤ ጠይቁ። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው በየቀኑ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ስፖርት መኪና ጭራሽ የማይሰጡትም አሉ። ካልተፈቀደለት አይነዳም። ቁልፍ የምትከለክሉት ስለምትወዱት እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ቡና ላይ ተነጋገሩበት።

«ካርዴ ይሸፍናል»

የትኛው ካርድ? እስከ ስንት ቀን? የትኛውን መኪና? ብዙ ክሬዲት ካርዶች ውድና ልዩ የሚባሉ መኪናዎችን አይሸፍኑም፤ የቀን ገደብም አላቸው። ከግለሰብ በአፕ የምትከራዩትን መኪና አብዛኞቹ እንደ ኪራይ አይቆጥሩትም። ዋናው ነገር ደግሞ ካርዱ የሚሸፍነው የተከራያችሁትን መኪና ጉዳት እንጂ እናንተ የገጫችሁትን ሰው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የራሱ የመኪና ኢንሹራንስ የሌለው እንግዳ የሦስተኛ ወገን ሽፋኑን በበቂ መጠን ሳይገዛ ከግቢው መውጣት የለበትም። ወደ ካርዱ ድርጅት ደውሉና የመኪናውን ስም ጠርታችሁ ጠይቁ፤ አሥር ደቂቃ ነው።

ካርታው የሚላችሁን ሰዓት ማመን

ካርታው አርባ ሰዓት ገደማ ይላችኋል። «በቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ብንነዳ በሦስት ቀን እንገባለን።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች አሥራ ሦስት ሰዓት ምን እንደሆነ አያውቁም። ካርታው ቤንዚን አይቀዳም፣ አይበላም፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የመንገድ ሥራ አያስቆመውም።

እኛን የጭነት ሹፌሮችን ሕግ ይጠብቀናል። ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድልንም፤ ከዚያ በፊት አሥር ሰዓት ማረፍ አለብን፤ ስምንት ሰዓት ከነዳን ግማሽ ሰዓት እረፍት ግዴታ ነው። ይህ ሕግ የወጣው ሥራቸው መንዳት ለሆነ ሰዎች ነው። ለእናንተ የሚቆጣጠራችሁ የለም። ካንሳስ ቀጥ ያለ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቀጥ ያለ መንገድ ዓይን ተከፍቶም ያስተኛል። የስፖርት መኪና መቀመጫ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ወገብ ይናገራል። በቀን ከ450 እስከ 500 ማይል ያዙ፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ላይ ግማሽ ቀን አርፉ፣ ሲመሽ ቁሙ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አጋዘን መንገድ ላይ ይወጣል፤ ዝቅ ባለ መኪና አጋዘን የሚመጣው በመስታወት በኩል ነው።

ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ሦስት ሰዓት ታተርፋላችሁ። ወደ ምሥራቅ የምትመለሱ ግን ትከፍሉታላችሁ፤ የሆቴልና የመኪና መመለሻ ሰዓት ስትይዙ አስቡት።

ግሪን ሪቨር ላይ ነዳጅ ሳይቀዱ ማለፍ

ይህን ራሴ ሠርቼዋለሁ። ጭነት መንዳት ከመጀመሬ በፊት ነው፤ ከዴንቨር ወደ ላስ ቬጋስ ባለ ሁለት በር ኪራይ መኪና ይዤ ስሄድ ዩታ ውስጥ ግሪን ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ ደረስኩ። የነዳጁ መርፌ ከሩብ ዝቅ ብሏል። ቀጣዩ መውጫ ላይ እቀዳለሁ ብዬ አለፍኩ። ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ድረስ ኢንተርስቴት 70 ላይ ከ100 ማይል በላይ ማደያ የለም፣ ምግብ ቤት የለም፣ አንድ ሱቅ የለም። ምልክቱ ተተክሏል፤ አላነበብኩትም። ቀዩ አለት ግድግዳ በሚቆምበት ሳን ራፋኤል ስዌል በሚባለው ቦታ ኤሲ አጥፍቼ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ላብ እያጠመቀኝ ስንፏቀቅ ያን ሁሉ ውበት አላየሁትም። የመንገድ ዳር መመልከቻ ላይ መኪናው ቆመ። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። በፒክአፕ የሚጓዙ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ሳላይና ወስደው በጀሪካን አስቀድተው መለሱኝ፤ ገንዘብ አልተቀበሉኝም። እስከ ዛሬ እዚያ ሳልፍ አስታውሳቸዋለሁ።

ከዴንቨር በኋላ ግማሽ ሲደርስ ቅዱ። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ኋላ ወንበር ላይ አንድ ጋሎን ውሃ ይኑር። ኮሎራዶና ዩታ ውስጥ ርካሹ ቤንዚን 85 የሚል የኦክቴን (የቤንዚን ደረጃ) ቁጥር አለው፤ የስፖርት መኪናችሁ የነዳጅ ክዳን 91 የሚል ከሆነ 91 ነው የምትቀዱት። የማደያው ማሽን ዚፕ ኮድ (የአሜሪካ የፖስታ አድራሻ ቁጥር) ሲጠይቅ የውጭ አገር ካርድ ብዙ ጊዜ አይቀበልም፤ ውስጥ ገብታችሁ ቅድሚያ ክፈሉ።

በበጋ ጎማ ተራራ መውጣት

ኮሎራዶ ውስጥ ኢንተርስቴት 70 የሚያልፍበት የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። ዴንቨር ላይ በቲሸርት ቁርስ በልታችሁ በሰዓት ተኩል ውስጥ በረዶ ሊቀበላችሁ ይችላል፤ በኤፕሪልም፣ በሜይም። ብዙ ስፖርት መኪናዎች የሚጫሙት የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድ ይደድራል፤ በረዶ ላይ ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። ኮሎራዶ በኢንተርስቴት 70 ተራራማ ክፍል ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ለክረምት የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት የሚያስገድድ ሕግ አለው። መኪናውን ስትረከቡ የጎማውን ጎን አንብቡ። በዚያ ወቅት የምትጓዙ ከሆነ በኢንተርስቴት 40 በኩል በደቡብ ብትሄዱ ይሻላችኋል፤ እዚያ መንገድ ላይ ያለችው የአሪዞናዋ ፍላግስታፍም በረዶ ስለሚጥልባት ትንበያውን እያያችሁ።

ቅያሪ ጎማ ስለመኖሩም ጠይቁ። ብዙዎቹ ስኮርታም ክሪክም የላቸውም፤ ያላቸው ፈሳሽ ማሸጊያና ትንሽ መንፊያ ነው። የጎማው ጎን ከተቀደደ ያ አይሠራም፤ በረሃ ላይ ጎሚስታ የለም።

ጠጠር መንገድ

አትግቡ። የሞኑመንት ቫሊ 17 ማይል ዙሪያ አስፋልት አይደለም፤ እዚያው አቅራቢያ ዩታ ውስጥ ያለው ሞኪ ደግዌይ የሚባል ገደላማ መንገድም ጠጠር ነው። ውሉ ይከለክላል። ከጎብኚ ማዕከሉ ላይ ሆናችሁ እዩት፤ ወይም የአካባቢው ባለቤት የሆኑት ነባር ሕዝቦች፣ ናቫሆዎቹ፣ በራሳቸው መኪና ይውሰዷችሁ።

ቨርጂኒያን ሳይወጡ መሮጥ

መኪናውን ከተረከባችሁ በኋላ ጉልበቱን ለመሞከር የሚያጓጓው የመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። እዚህ ከ85 ማይል በላይ፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት ተራ ቲኬት ሳይሆን የወንጀል ክስ ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ያስቀጣል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በእጁ ያለ ሰው ጠበቃ ሳያማክር ጥፋተኛ ነኝ እንዳይል። ራዳር ጠቋሚ መሣሪያም እዚህ ክልክል ነው። ዩታ ውስጥ በሕግ 80 የሚፈቅድ መንገድ ይጠብቃችኋል፤ እስከዚያ ታገሡ።

እንደ ጭነት ሹፌር አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጎኔ አትሂዱ። ዝቅ ያለ መኪና በተለይ በቀኝ በሬ ሥር ሲሆን አላየውም፤ መስታወቴ ውስጥ የለም። ጭነት ይዤ እስከ 80,000 ፓውንድ እመዝናለሁ፤ በሃይዌይ ፍጥነት ስሄድ ለመቆም ከኳስ ሜዳ የሚረዝም መንገድ ያስፈልገኛል። እለፉኝ፣ ሁለቱም መብራቶቼ በመስታወታችሁ ውስጥ ሲታዩ ግቡ። ፊቴ ገብቶ ፍሬን የሚይዝ ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል።

ሌሎቹን ባጭሩ

ጣሪያው ሲከፈት የሚታጠፈው ወደ ኋላ ኮፈን ነው፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ አይገባም። ለሎስ አንጀለስ ዘመድ የተላከውን በርበሬና ሽሮ በፖስታ ቤት ላኩት፤ ልብስ በለስላሳ ቦርሳ ያዙ።

ፔንሲልቬኒያና ካንሳስ የሚያስከፍሉት መንገድ ላይ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፤ ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፤ አከራዩ የራሱን አገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ይልክላችኋል። ሂሳቡ እንዴት እንደሚሰላ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ፣ ከሴንት ሉዊስ እስከ ዴንቨር ያለውን አስቀድማችሁ አስቡበት። ባቄላና ሩዝ ያለበት ቡሪቶ አይብና ክሬም የለሽ ብላችሁ እዘዙ፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ። ኦሮራ ስትገቡ ኮሎራዶ ላይ እንጀራ ይጠብቃችኋል፤ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ፌርፋክስ ላይ ከ2002 ጀምሮ ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ስም ያለው ሰፈር አለን።

መኪናውን ስትረከቡ ተንበርክካችሁ የፊት ባምፐሩን ሥር በቪዲዮ ቅዱ። ስፖርት መኪና የሚፋቀው እዚያ ነው፤ እናንተ የማታዩት፣ እነሱ ግን ሲረከቡ መጀመሪያ የሚያዩት ቦታ ነው። ስትመልሱም በሥራ ሰዓት መልሱ፤ ቁልፉን በሌሊት ሣጥን ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ። ሠራተኛው ዞሮ እስኪያየውና ደረሰኝ እስኪሰጣችሁ ቁሙ።