ቤት ያለ ሰርቨር ከውጭ አልከፈት ሲል

ገጹ በቤት ዋይፋይ ወዲያው ይከፈታል፤ ከውጭ ግን ሲሽከረከር ቆይቶ ይቆማል። ፖርት ፎርዋርዲንጉ (ከውጭ የመጣን ጥሪ ራውተሩ ወደ ሰርቨሩ እንዲያሳልፍ ማድረጉ) ተሠርቷል፣ ሰርቨሩም አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ራውተሩን ሪሴት ያደርጋል። እባካችሁ አታድርጉት፤ የሠራችሁትን ከማጥፋት በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ሙከራችሁ ከስልክ ዳታ ይሁን። ከዚያው ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ የውጭ አይፒያችሁን ብትጠሩ ብዙ ራውተሮች መልሰው አያስገቡም፤ ያልተበላሸውን ስትጠግኑ ታድራላችሁ።

በዳታም እምቢ ካለ ራውተሩ ስታተስ ገጽ ላይ ያለውን ዋን አይፒ (ራውተሩ በኢንተርኔቱ በኩል የያዘውን አድራሻ) ወረቀት ላይ ጻፉ። ቪፒኤን ካለ አጥፉና አይፒ ከሚያሳዩ ድረ ገጾች በአንዱ የምታዩትን ከሥሩ ጻፉ። ሁለቱ ካልገጠሙ ፖርት ፎርዋርዲንጉን መነካካት ትታችሁ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። እኔ ደጋግሜ የሚገጥመኝ ይኸው ነው።

ዋን አይፒው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ሲጂናት ይባላል። የአይፒቪ4 (የቆየው የአይፒ ዓይነት) አድራሻ ስላነሰ የኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን የውጭ አይፒ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላል፤ ይህ የቁጥር ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ የተለየ ነው። ከውጭ የመጣው ጥሪ አቅራቢው ማሽን ላይ ይደርሳል፤ ማሽኑ የማን ቤት እንደሚያስገባው ስለማያውቅ ይጥለዋል። እናንተ ራውተር ድረስ አይመጣም።

አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት የጠራኝ ሦስተኛ ራውተር ገዝቶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ተደራርበው፣ ሦስተኛው ላስቲኩ ሳይወልቅ ተቀምጦ ነበር። ስታተሱን ስከፍት 100.81 ብሎ ይጀምራል። «ታዲያ እነዚህን ሲሸጡልኝ ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። እኔም እስካሁን ያናድደኛል፤ ችግሩን ሳይጠይቅ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የደንበኛውን ብር እያቃጠለ ነው።

ቁጥሩ በ192.168 ከጀመረ ከራውተራችሁ በፊት ሌላ ራውተር አለ ማለት ነው። አንድ ቤት ግማሽ ቀን ለፍቼ ያገኘሁት ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ዳንቴል ለብሶ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲገባ የመጣ ሳጥን ነበር። እሱን ብሪጅ ሞድ (ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ የሚያሳልፍበት) ላይ አድርጉት፣ ካልሆነም ፖርቱን ሁለቱም ላይ ክፈቱ። የሳጥኑ የራሱ ዋን አይፒም የውስጥ ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ በ10 ከጀመረ፣ ነገሩ ከአቅራቢው ነው።

የሲጂናት መፍትሄው ሦስት ነው። አቅራቢውን የውጭ አይፒ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ያስከፍላል። አይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ ዓይነት) ካላችሁ በእሱ ክፈቱ፤ የሚሠራው ግን አይፒቪ6 ላለው ጎብኚ ብቻ ነው። ካልሆነ ቶነል (ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ የሚከፍተው መስመር)፦ ክላውድፍሌር ቶነል፣ ወይም ርካሽ ቪፒኤስ (ኢንተርኔት ላይ ያለ የኪራይ ሰርቨር) ተከራይቶ ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን። ጥሪውን የሚጀምረው ሰርቨራችሁ ስለሆነ ቤት ውስጥ የምትከፍቱት ፖርት የለም። ዋየርጋርድ ላይ ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭን (መስመሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው ትንሽ ምልክት የሚልከውን) በቤቱ ሰርቨር በኩል 25 ሰከንድ አድርጉ። ሳያደርጉ ቀርተው «ጠዋት ሠርቶ ምሳ ሰዓት ሞተ» ብለው የደወሉልኝ ብዙ ናቸው፤ መስመሩ ጸጥ ሲል ናቱ (አይፒውን የሚያካፍለው ማሽን) ይረሳዋል።

ሁለቱ አይፒዎች ገጥመው እምቢ ካለ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሰርቨሩ የውስጥ አይፒ ተቀይሮ ይሆናል፤ ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻው (በመሣሪያው መለያ ቁጥር) እሰሩት። ሰርቨሩ 127.0.0.1 (ከራሱ የመጣን ጥሪ ብቻ የሚቀበልበት አድራሻ) ላይ ብቻ እየሰማ እንዳይሆን እዩ። ዊንዶውስ ከሆነ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ፋየርዎሉ ዘግቶት ይሆናል። ፖርት 80 በአቅራቢው ተዘግቶ በፖርት 8443 የሚገባበትም ጊዜ አለ።

ራውተሩ ላይ ዲኤምዜድ (ፖርቶችን ሁሉ ወደ አንድ መሣሪያ የሚከፍተውን) አታብሩ። «ለሙከራ ብቻ» ተብሎ ይበራና ማንም አያጠፋውም። የካሜራ ዲቪአርን (መቅጃውን)፣ ሪሞት ዴስክቶፕን፣ የራውተሩን መግቢያ ገጽ ለውጭ አትክፈቱ፤ የዲቪአሩ ይለፍ ቃል ከፋብሪካ የመጣው ከሆነማ ጨርሶ። ሥራው ሲያልቅ የራውተሩን ሴቲንግ ባካፕ ፋይል አውርዳችሁ ያዙ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሠራችሁትን የሚረሳ ርካሽ ራውተር ሞልቷል።