ያገለገለ ካማሮን ለክላስ ድራግ ውድድር ስታዘጋጁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ1998 እስከ 2002 የተመረተው ሼቭሮሌ ካማሮ ዜድ28 ክላስ ድራግ፣ ማለትም በክላስ የተደለደሉ መኪኖች ሁለት ሁለት ሆነው ቀጥ ባለ መስመር ላይ የሚሽቀዳደሙበትን ውድድር፣ ለመጀመር ለኪስ ከሚመቹ መኪኖች አንዱ ነው። 5.7 ሊትሩ ኤልኤስ1 ሞተር በ1998 ከፋብሪካ ሲወጣ 305 የፈረስ ጉልበት ነበረው። መለዋወጫውም አሜሪካ ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። መኪናው ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በቅደም ተከተሉ ነው። መጨረሻ መሠራት ያለበት መጀመሪያ ይሠራል፣ ገንዘቡም መንገድ ላይ ያልቃል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የውድድሩን ሕግ ሳያነቡ መኪና መግዛት ነው። በ1951 የተመሠረተው የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር ኤንኤችአርኤ ለፋብሪካ ይዘታቸው ቅርብ የሆኑ መኪኖች በሚወዳደሩበት የስቶክ ምድብ መኪኖችን በክላስ የሚደለድለው ክብደታቸውን ከጉልበታቸው ጋር አነጻጽሮ ነው። ጉልበቱ ደግሞ ፋብሪካው የጻፈው ላይሆን ይችላል። ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱን ቁጥር ይሰጣል። መኪኖቹ ከሚጠበቀው በላይ ከፈጠኑም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል ያላወጣው ሞተር የገባበት መኪና ስቶክ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ክላሱን ምረጡ። መኪናውን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።

ከዚሁ የሚከተለው "ሞዲፋይድ ነው" ለተባለ መኪና ጨምሮ መክፈል ነው። ሻጩ ትልቅ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ገጥሞበታል፣ ቴስታታውን ቀይሮታል፣ በዚያ ሂሳብም ዋጋውን ሰቅሎታል። ስቶክ ውስጥ ግን ካምሻፍቱ ቫልቩን የሚያነሳበት ከፍታ ከፋብሪካው ማለፍ አይችልም። ለትርፍ ዕቃው ከፍላችሁ ዋናውን ዕቃ ደግሞ እንደገና ልትገዙ ነው። ማንም ያልነካካው፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ባለቤቱ አሮጊት እናት የሆኑ መኪና ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ወለሉን ግን ከሥር ገብታችሁ እዩ። ዝገት የበላው አካል ኃይል ሲመጣበት ይጣመማል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወድቅበት ልምጣ። መኪናው እንደተገዛ ገንዘቡ ሁሉ ሞተሩ ላይ ይፈስሳል። የዚህ ካማሮ ደካማ ጎን ግን ከኋላ ነው። ዲፈረንሻሉ ባለ 10 ብሎን የሚባለው ዓይነት ነው። ትልቁ ጥርሱ 7.625 ኢንች ብቻ ነው። በተራ ጎማ ብዙም አይጎዳም፣ ምክንያቱም ኃይል ሲበዛ ጎማው ይንሸራተታል። ጥርስ የሌለውን ለስላሳ ስሊክ ጎማ ስትገጥሙ ግን ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዛል። መንሸራተት ሲቀር ምቱ በሙሉ ወደ ዲፈረንሻሉ ጥርስ ይሄዳል። ካምቢዮው የእጅ ከሆነና ፍሪሲዮኑን ድንገት ከለቀቃችሁ የባሰ ነው። ጠንካራ ዲፈረንሻል፣ ለምሳሌ ባለ 12 ብሎኑን ወይም የፎርድ 9 ኢንቹን፣ ከሞተሩ በፊት አስገቡ። የኋላውን ሞላና አሞርዛተርም አብራችሁ አስተካክሉ። በመጀመሪያው 60 ጫማ ላይ የምታተርፉት አንድ አሥረኛ ሰከንድ መጨረሻው መስመር ላይ ከዚያ በልጦ ይታያል።

ደኅንነትን "በኋላ እናስገባለን" ማለት በእኔ እምነት ይቅር የማይባል ነው። በኤንኤችአርኤ ሕግ የውድድሩን ሩብ ማይል (400 ሜትር ያህል) በ13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚጨርስ ሰው ሄልሜት ግዴታው ነው። እንዲህ ያለው ካማሮ 11.49 ላይ ሲደርስ ከሹፌሩ ጀርባ የብረት ሮል ባር ያስፈልገዋል። ከ10 ሰከንድ በታች ሲወርድ ደግሞ ሙሉ ኬጅ፣ ማለትም ሹፌሩን ዙሪያውን የሚከብ የብረት አጥር። 11 ሰከንድ ተኩል አካባቢ ለመሮጥ ካሰባችሁ ሮል ባሩን ከመጀመሪያው አስበየዱ። አለበለዚያ ጨርሳችሁ ቀለም የቀባችሁትን መኪና እንደገና ትፈቱታላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ፦ ሮል ባር ያለውን መኪና ያለ ሄልሜት ከተማ ውስጥ አትንዱ። በትንሽ ግጭት እንኳ ጭንቅላት ብረቱን ሊመታ ይችላል።

ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የበሩን ልባስ ነቅሎ ለማቅለል መቸኮልም አለ። ስቶክ ይህን አይፈቅድም፣ ክብደቱም ሚዛን ላይ ከነሹፌሩ ይታያል።

ሙከራ ላይ ደግሞ በአንድ ቀን ጎማውን፣ የነዳጁን ልክና የሞላውን አቀማመጥ አንድ ላይ የሚቀይር አለ። ሰዓቱ ከተሻሻለ የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ሩጡ፣ ጻፉ። የአየሩንም ሁኔታ አብራችሁ መዝግቡ። አዲስ አበባ ላይ መኪና የነዳ ሰው ከፍታ የሞተርን ጉልበት እንዴት እንደሚቀንስ ያውቃል። ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ በነበረው የኮሎራዶው ባንዲሜር ስፒድዌይም መኪኖች በከፍታው ምክንያት ይዘገዩ ነበር። ሙቀትና እርጥበትም በትንሹ ያንኑ ያደርጋሉ። ትናንት በቀዝቃዛ ማታ የተመዘገበን ሰዓት ከዛሬ ቀትር ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

ፍጥነት ብቻውን ያሸንፋል ብሎ ማሰብም ብዙዎችን ከውድድር አስወጥቷል። ስቶክ ውስጥ የተለያየ ክላስ መኪኖች ሲገናኙ እያንዳንዱ የሚሮጥበትን ሰዓት አስቀድሞ ያስታውቃል። ዘገምተኛው ቀድሞ ይለቀቃል። ካስታወቁት ሰዓት መፍጠን ግን ያስቀጣል፦ 11.50 ብላችሁ 11.45 ከሮጣችሁና ተጋጣሚያችሁ ካስታወቀው ሰዓት ካልፈጠነ፣ ፈጥናችሁ ተሸነፋችሁ። የአንድ ክላስ ሁለት መኪኖች ሲገጥሙ ብቻ ይህ ገደብ ይነሳል፣ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ስለዚህ ዘወትር ያንኑ ሰዓት የሚደግም መኪና አንዳንዴ ከሚፈጥን መኪና ይበልጣል። አረንጓዴው መብራት ላይ የምትነሱበትም ቅጽበት ይቆጠራል። ቀድማችሁ ከተነሳችሁ ቀይ ይበራል። ሞተር ላይ ልታወጡ ካሰባችሁት ገንዘብ ከፊሉን ለልምምድ ብታውሉት ይሻላል።

ልምምዱን በጎዳና ላይ አታድርጉት። ሰው ይሞታል። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሜካኒክስቪል ያለው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ የሩብ ማይል መስመር አለው። የሙከራ ምሽቶቹን የጊዜ ሰሌዳ እዩና ገና ምንም ያልነካችሁትን ካማሮ ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያውን የሰዓት ወረቀት አስቀምጡት፣ ከዚያ በኋላ የምትገጥሙት ዕቃ ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።