ኤኪድና ለማየት መሬት መሬቱን ተመልከቱ

ሜልቦርን ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሙሉ ኤኪድናን፣ ጉንዳን የሚበላውን ባለ እሾህ የአውስትራሊያ እንስሳ፣ የማውቀው የዚህ አገር አምስት ሳንቲም ላይ ብቻ ነበር። አሁን ከልጄ ጋር ዩ ያንግስ ጫካ ስንሄድ ብዙ ጊዜ አናጣውም። ልጄ «ጃርቱ» ትለዋለች። እሾሁ ያሳስታል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ጃርት ይወልዳል፤ ይሄኛው እንቁላል ይጥላል።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። እዚህም እንደ አገር ቤት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ክረምት ነው፤ ኤኪድናም ቀን ቀን ወጣ ወጣ ይላል። የመራቢያ ወቅቱም ስለሆነ፣ ከቀናችሁ አንዷን ሴት ተከትለው የተሰለፉ ወንዶች ታያላችሁ። ልክ የታክሲ ሰልፍ! በሙቀቱ ወራት ግን ቀን ላይ አትልፉ፤ ሙቀት ስለማይችል ማታ ማታ ነው የሚወጣው።

ከዚያ እንስሳውን ሳይሆን ሥራውን ፈልጉ። የተቆፈረ የጉንዳን ቤት፣ የተፈረካከሰ የበሰበሰ ግንድ። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ በጣት የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ካለ አፍንጫውን የሰካበት ነው። አፈሩን ንኩት። ገና እርጥብ ከሆነ ሩቅ አልሄደም።

ስታገኙት ቀጥ በሉ። ዓይኑ ደካማ ነው፤ ካልተንቀሳቀሳችሁ ከዛፍ አይለያችሁም። አምና ሞቅ ባለ ቀን አንዱ የልጄን ጫማ እያሸተተ ሲያልፍ አፍንጫው ላይ የንፍጥ አረፋ አየን። ልጄ ጉንፋን የያዘው መስሏት አዘነች። ለካ ማቀዝቀዣው ነው! አረፋው ሲፈነዳ አፍንጫውን ያረጥበዋል፤ እርጥበቱ ሲተን ደሙን ያበርድለታል።

ለማንሳት አትሞክሩ። እኔ አንዴ ሞክሬ ባለበት ቁልቁል ሰመጠብኝ፤ ወዲያው የቀረው እሾህ ብቻ ሆነ። የኋላ እግሮቹ ጥፍር ወደ ኋላ ዞሮ ሳይ የሰበርኩት መስሎኝ ክው ብዬ ነበር። አፈጣጠሩ ነው።

መኪና የገጨው ካገኛችሁ ያገኛችሁበትን ቦታ በትክክል ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እናት ልትሆን ትችላለች። እንቁላሏን የምትይዘው ሆዷ ላይ ባለ ኪስ ነው፤ በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የጡት ጫፍ የላትም፤ ግልገሉ ከቆዳዋ የሚመነጨውን ወተት እየላሰ ያድጋል። እሾህ ማብቀል ሲጀምር ጉድጓድ ውስጥ ትተወውና በየ5 ቀኑ ገደማ እየተመለሰች ታጠባዋለች። ድና ሌላ ቦታ ከተለቀቀች ግልገሉ እዚያው እየጠበቃት ይቀራል። ለዱር እንስሳት ነፍስ አድን ሠራተኞች ስትደውሉ ከቁስሉም በፊት ቦታውን ንገሯቸው።