ወርቁን ስንፈልግ ሰሙን የምናበላሽባቸው ስህተቶች

ልጅ ሆኜ ፒያሳ አንድ ወርቅ አንጥረኛ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። የሚሠራው የአንገት መስቀል ነበር። መጀመሪያ የያዘው ግን ወርቅ ሳይሆን ሰም ነው። ሰሙን ቀስ ብሎ ቀረጸው። በጭቃ ለበጠው። እሳት ላይ ሲያደርገው ሰሙ ቀልጦ ወጣ፤ ወርቁም ሰሙ በለቀቀው ቦታ ገባ። ሰሙ ላይ የነበረችው ጭረት ሁሉ ወርቁ ላይ ነበረች።

ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚባለው ከዚህ ሙያ ወስዶ ነው፤ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም፣ ወርቁ የተደበቀው። እኔ ግን ለብዙ ዓመት ሰሙን ቶሎ ማቅለጥ ብቻ ነበር ሥራዬ። ግጥም ሳነብም፣ ህልም ሳይም፣ እንጦጦ ስወጣም። ከታች ያሉትን ስህተቶች አንድ በአንድ ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን አሁንም እሠራለሁ።

ግጥም አንብቦ «ምን ለማለት ነው?» ብሎ መሮጥ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ትምህርት ቤት ያስለመደን ይመስለኛል፤ ግጥም ሲሰጡን አብሮ ጥያቄ ነበረው። ይህችን የእኔን የልምምድ ስንኝ እዩ፦

ከዛፉ ሥር ሆኜ ውዬ ስጠብቃት፣
ጥላ ሄደች እንጂ ፀሐይ መች አጣኋት።

«ጥላ» የዛፍ ጥላ ነው፤ «ጥላኝ ሄደች»ም ነው። ይህን ያገኘ አንባቢ «አሃ፣ ተከድቶ ነው!» ብሎ ገጹን ይገለብጣል። ግን ቆይ። የዛፍ ጥላ እንዴት ነው የሚሄደው? ድንገት ብድግ ብሎ አይደለም። ቀስ እያለ፣ ሳታዩት፣ ትከሻችሁ ሲግል ነው የምታውቁት። ሰዎችስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት እንደዚያ አይደለም? ይህን የሚነግራችሁ ወርቁ አይደለም፤ ሰሙ ነው።

ስለዚህ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከላይ ያለው ስንኝ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት ቀለም (ሲነበብ የሚሰማ ክፍለ ቃል) ሆኖ መሃሉ ላይ ይሰበራል። እዚያ ስብራት ላይ ትንፋሽ ውሰዱ። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የሚቆጥረው (የሚደርሰው) ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር ብቻ ነው። ለሁለት ቤት ብሎ ግን ዱር ወርዶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይውላል። እኛ ሁለት መስመር የምናነበው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። (ሰልፉ ራሱ በቂ ጊዜ ይሰጣል፤ የምናባክነው እኛ ነን።)

ህልምን ወዲያው ለፈቺ ማስረከብ

አንድ ጊዜ ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ። ጠዋት ቡና ላይ ለጎረቤታችን ለእማማ ተናገርኩ። ስኒውን አስቀመጡና «ውይ ልጄ! እግዜር ይያዘው። ለሌላ ሰው እንዳታወራው» አሉኝ። ጥርስ ሲወልቅ ሰው ይሞታል ይባላላ። ያን ሳምንት ዘመድ ሁሉ ጋ ስደውል ከረምኩ። ሁሉም ደህና ነበር። አንዷ አክስቴ እንዲያውም «ምነው፣ ገንዘብ ቸገረህ እንዴ?» አለችኝ።

ያን ሰሞን መሥሪያ ቤት ከአለቃዬ ጋር አልተስማማንም። የምለውን ሁሉ እየዋጥኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምውለው። ጥርሴን ነክሼ! ነገሩ አፌ ውስጥ እያለ እኔ ቀብር ፍለጋ ስልክ ስደውል ነበር። ይህም ፍቺ ትክክል ነው ብዬ አልምልም። «ህልም እንደ ፈቺው ነው» ይባል የለ? ግን ፈቺው ሌላ ሰው ከሆነ የምታገኙት የእሱን ፍርሃት ነው። መጀመሪያ ህልሙን እንዳለ ጻፉት፤ ምን አያችሁ፣ ማን ነበር፣ ብርሃኑ እንዴት ነበር። ፍቺው ሳምንት ይቆይ።

ዓይን ሲገለጥ ስልክ ማንሳት

ቁልጭ ያለ ህልም በብዛት የሚታየው ዓይናችን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ በሚልበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። አሴሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1953 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ወደ ንጋት ደግሞ እየረዘመ ይመጣል። እንግዲህ ረጅሙን ህልም የምናየው ማንቂያው ሊጮህ ሲል ነው ማለት ነው። ከዚያ ቴሌግራም ከከፈታችሁ በቃ፣ ሄደ። እኔ ስልኬን ሳሎን አሳድራለሁ፤ ትራሴ ሥር ደብተርና እርሳስ አለ። ጽሑፌ ጠዋት ለራሴም አይነበብም፤ ቢሆንም ይሠራል።

እንጦጦን በመኪና ወጥቶ በፎቶ መውረድ

ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ዳገቱን። ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሽ ያሳጥራል። ጥሩ ነው፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው አያወራም። ጓደኞቼ ጋር በመኪና ስሄድ ግን ያየሁት የራሴን ፊት ነው፣ በስልክ መስታወት።

ሌላም አለ። ባሕር ዛፉን «ድንግል ተፈጥሮ» ብሎ ማየት። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ልጅ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ ሲያጥራት የመጣ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሡ ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ግቢ ግቡና ከአገር በቀሉ የጽድ ዛፍ ጋር አስተያዩት። በመንገዱ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ታገኛላችሁ። እኔ ድሮ በግጥሜ ውስጥ «ውበት» አድርጌ አስገባኋቸው። አንድ ቀን አንዷ «መንገድ ልቀቅ፣ ልጄ» አሉኝ። ግጥሙን ቀደድኩት። ለእኔ መዝናኛ የሆነው ተራራ ለእሳቸው እራት ነው።

ተፈጥሮ ሩቅ ነው ማለት

ባሌ ለመሄድ ብር እስክታጠራቅሙ አትጠብቁ። አራት ኪሎ ሥላሴ ግቢ ዛፍ ሥር ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። ወይም ቀና በሉ፤ ጭላቱ ከሕንፃው በላይ ሲዞር ክንፉን እንዴት እንደማያንቀሳቅስ አስተውሉ።

የጻፉትን በዚያው ቀን መለጠፍ

ላይክ ሲቆጠር ውስጥ አይታይም። ሌላ የምለው የለኝም።

ሁሉንም በግጥም ለማከም መሞከር

ያው ቅዠት እየተመላለሰ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ወይም መኖር ከከበዳችሁ፣ ደብተር አይበቃም። ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የሚያሳፍርበት ዘመን ማብቃት አለበት።

ክረምቱ ይውጣና፣ ቦታው ይመርና ማለት

አደይ እስኪፈነዳ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። እኔም ነበርኩ። ባለፈው ሐምሌ ግን ዝናቡ ጋብ ሲል ቀበና ድልድይ ላይ ቆምኩ። ወንዙ ድፍርስ ነበር፤ ሽታም ነበረው፤ ሽታውንም ጻፍኩት። ውሃው አንድ ነጠላ ጫማ ይዞ መጣ፤ የግራ፣ የልጅ። ድንጋይ ላይ ትንሽ ዞረና አለፈ። «ቀኙን ያደረገው እግር የት ደርሶ ይሆን?» ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን ሁለተኛውን መስመር አላገኘሁለትም። ደብተሩ እዚያው ገጽ ላይ ነው።