ሹራባችሁ ለምን እንዲ ሆነ? ከምልክቱ ተነስተን ወደ መፍትሄው

የመጀመሪያ ሻርፔን በ30 ቀለበት (መርፌው ላይ የሚደረደሩት የክር አይኖች) ነው የጀመርኩት፣ መሀል ላይ ደርሼ ብቆጥረው 41 ሆኗል። እየሰፋ ሲሄድ አይቼ ነበር እኮ ግን "ክሩ እየተለጠጠ ነው" ብዬ ራሴን አሳምኜ ቀጠልኩ፣ በቃ ሶስት ማዕዘን የሆነ ነገር ሆኖ አረፈው። ሰብሰብ ብለን በምንሰራበት ቡድን ውስጥ ያሉ አንድ እናት ከወዲያ ሆነው አዩትና "ነይ እስኪ የኔ ልጅ፣ አጠገቤ ቁጭ በይና ከመስመሩ መጀመሪያ ሁለት ቀለበት ስሪልኝ" አሉኝ። ሰራሁ። ሳቁ። እኔ ሳምንት ሙሉ ያፈጠጥኩበትን ነገር እሳቸው በሁለት ቀለበት አገኙት፣ ደሞ ከእጄ ነጥቀው አላስተካከሉልኝም፣ እኔው ራሴ እንድፈታው ነው ያደረጉት። እኔም እዚ እንደሳቸው ልሞክር።

መግባቢያ እንዲሆነን፦ "ቀጥ" ስል ክሩ ከመርፌው ጀርባ ሆኖ የሚሰራው፣ ፊቱ ለስላሳ ሆኖ ሁለት እግሮቹ ከታች ገጠም ብለው የሚታዩት ነው። "ግልብጥ" ደሞ ክሩን ወደ ፊት አምጥተን የምንሰራው፣ ጉብ ጉብ የሚለው።

ስራው እየሰፋ ሄደ

የኔ በሽታ ይሄ ነው። ሶስት መንስኤ አለው፣ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ትርፉ ቀለበት የት እንደተፈጠረ ማየት ነው።

ጠርዝ ላይ ከሆነ የሚሰፋው፣ አዲስ መስመር ስትጀምሩ ክሩን ወደ ላይ ስባችሁ በመርፌው አናት ወደ ኋላ አሳልፋችሁታል ማለት ነው። እንደዛ ሲሆን የመጀመሪያው ቀለበት ተስቦ ይነሳና ሁለቱ እግሮቹ መርፌው ላይ ሁለት ቀለበት መስለው ይቀመጣሉ፣ እናንተም ሁለቱንም ትሰሯቸዋላችሁ፣ በየመስመሩ አንድ አንድ ይጨመራል። መፍትሄው በጣም ቀላል ነው የሚያናድደውም እሱ ነው፣ መስመር ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን ወደ ታች ሳብ አርጉት፣ ያኔ አንዱ ቀለበት አንድ ሆኖ ይታያል፣ ከዛ ክሩን በመርፌው አናት ሳይሆን በስሩ ወደ ኋላ ውሰዱት።

መሀል ላይ ከሆነና ከስሩ ቀዳዳ ካለ ደሞ ከግልብጥ ወደ ቀጥ ስትሻገሩ ክሩን ወደ ኋላ መመለስ ረስታችኋል፣ ክሩ መርፌው ላይ ተጠምጥሞ ቀለበት መስሎ ቀረ። በሚቀጥለው መስመር ላይ ካያችሁት ዝም ብላችሁ ከመርፌው ጣሉት፣ ትንሽ ላላ ይላል እንጂ ጎረቤቶቹ ቀስ ብለው ይወስዱታል። ሶስተኛው መሀል መስመር ላይ አቁማችሁ ስልክ ምናምን አንስታችሁ ስትመለሱ በተቃራኒው አቅጣጫ መቀጠል ነው፣ አንዱ ጎን ሁለት መስመር ብልጫ ያመጣና መሀል ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ይሄ እንዳይሆን መሀል መስመር ላይ ያቆማችሁትን ስራ ስታነሱ ከጥቅሉ የሚመጣው ክር የተያያዘበት መርፌ ሁሌም በቀኝ እጅ ነው የሚያዘው (ግራኝ ከሆናችሁና በተቃራኒ የምትሰሩ ከሆነ ገልብጡት)።

ቀለበት አምልጦ ወደ ታች እየተተረተረ ነው

አትጎትቱ። ጀማሪ ሁሉ ደንግጦ ስራውን ወጠር አርጎ ያያል፣ ያኔ ነው ሶስት መስመር የነበረው አስር የሚሆነው። መጀመሪያ ያመለጠውን ቀለበት መርፌ ቁልፍም ይሁን የወረቀት ክሊፕ ባገኛችሁት ነገር ያዙት፣ ከዛ ተንፍሱ።

አሁን ለስላሳውን ፊት ወደናንተ አዙሩት። ካመለጠው ቀለበት በላይ አግዳሚ ክሮች ታያላችሁ፣ ልክ እንደ መሰላል፣ እያንዳንዱ አግዳሚ አንድ የጠፋ መስመር ነው። ኪሮሽ ውሰዱና ከፊት ወደ ኋላ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉ፣ ከበላዩ ያለውን የመጀመሪያውን አግዳሚ ያዙና በቀለበቱ ውስጥ ስባችሁ አውጡት፣ ይሄው አንድ መስመር ወጣችሁ፣ አሁን አዲሱ ቀለበት ኪሮሹ ላይ ነው፣ ቀጣዩን አግዳሚ ያዙ፣ እንዲ እያላችሁ እስከ ላይ። አንድ አግዳሚ ከዘለላችሁ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ስለዚ ስትጨርሱ ገልብጣችሁ እዩት። ላይ ስትደርሱ ወደ ግራ መርፌ መልሱት፣ የቀኝ እግሩ ከመርፌው ፊት መሆን አለበት። በሁለቱም በኩል ጉብ ጉብ ያለ ስራ ላይ ከሆነ ያመለጠው አንዱን አግዳሚ ከፊት ቀጣዩን ከጀርባ እያፈራረቃችሁ ነው፣ ትንሽ ያደክማል ግን ይሄዳል።

ከሁለት ሶስት መስመር በላይ ሰርታችሁ በኋላ ነው ያያችሁት? ያው ነው ስራው፣ ግን ጎረቤቶቹ የሱን ክር ወስደውበት ጠበብ ብሎ ይታያል። ታጥቦ ሲደርቅ አብዛኛው ይመሳሰላል።

ቀለበቶቹ እግራቸውን አጣምረው ቆመዋል

ቅርብ አርጋችሁ እዩት፣ ጤነኛ ቀጥ ቀለበት እግሮቹ ከታች ተጠጋግተው ከላይ ተከፍተው ነው፣ የተጠማዘዘው ግን አንዱ እግር በሌላው ላይ ተሻግሯል፣ ጨርቁም ጠንከር ይላል አይለጠጥም። እዚ ላይ ቆንጆው ነገር መስመር መቁጠር ብቻ ምርመራውን ይጨርስላችኋል። እየተመላለሳችሁ በምትሰሩት ጠፍጣፋ ስራ ላይ ሁሉም መስመር ከተጠማዘዘ መርፌውን በቀለበቱ የኋላ እግር ነው የምታስገቡት። አንዱ ተጠማዞ አንዱ ጤነኛ እያለ ከተፈራረቀ ግን ችግሩ ግልብጡ ላይ ነው፣ ክሩን በተቃራኒ እየጠመጠማችሁት ስለሆነ ቀለበቱ መርፌው ላይ ዞሮ ይቀመጣል፣ ከዛ በቀጣዩ ቀጥ መስመር ከፊት እግሩ ስትሰሩት ይጠማዘዛል። ወይ አጠማጠሙን አስተካክሉ (ክሩ ከመርፌው አናት ወደ ታች ነው የሚወርደው) ወይ ደሞ በለመዳችሁት ጠምጥሙና በቀጥ መስመር ላይ በኋላ እግሩ ስሩት። ሁለተኛው ስህተት አይደለም፣ በደምብ የሚታወቅ ራሱን የቻለ አሰራር ነው፣ እና "እንዲ አይሰራም" የሚላችሁ ሰው ካለ ጨርቁን አሳዩት።

ልኩ አልመጣም፣ ሹራቡ ወይ አይገባም ወይ ድንኳን ሆነ

ስለዚ ማውራት እወዳለሁ ምክንያቱም ሁላችንም ናሙና (ከዋናው ስራ በፊት ለመለኪያ የሚሰራ ትንሽ ቁራጭ) መስራት እንጠላለን፣ እኔም እጠላለሁ። ግን ሂሳቡን እዩት። ፓተርኑ (የአሰራር መመሪያው) በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ቀለበት ይላል እንበል፣ ደረቱ 200 ቀለበት ስለዚ 100 ሴንቲ። የናንተ እጅ ጠበቅ ያለ ሆኖ 22 ከወጣችሁ ያው 200 ቀለበት 91 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። ላላ ብሎ 18 ከሆነ ደሞ 111 ሴንቲ። ሁለት ቀለበት ነው ልዩነቱ በሉ፣ 20 ሴንቲ ልዩነት ያመጣል ከጫፍ ጫፍ።

ስለዚ ናሙናው ቢያንስ 15 ሴንቲ ይሁን፣ ጠርዙ ስለሚዋሽ መሀሉን 10 ሴንቲ ለኩ፣ ደሞ ሹራቡን በምታጥቡበት መንገድ አጥባችሁ አድርቃችሁ ነው የምትለኩት። ቀለበቱ ከበዛ ወፈር ወዳለ መርፌ፣ ካነሰ ወደ ቀጭን። ዙሪያውን የሚሰራ ነገር ከሆነ ናሙናውም እንደዛው ይሰራ፣ ብዙ ሰው ግልብጡ ላይ እጁ ይላላል፣ ፊቱ ሁሉ ቀጥ የሆነ ነገር በዙር ሲሰራ ደሞ ግልብጥ የለም።

አንድ ሰው የማይጠረጥረው መንስኤ አለ፣ የመርፌ ቁጥር። ፓተርኑ "8 ቁጥር" ብሎ ከተወው ከየት እንደመጣ እዩ፣ የአሜሪካው 8 ቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የድሮው የእንግሊዝ 8 ቁጥር 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጃፓኑ ደሞ 4.5። እኔ አንድ ኮፍያ በዚ ምክንያት ለህፃን ሰርቼ አውቃለሁ፣ ለአዋቂ ነበር የታሰበው። ቁጥሩን እርሱት፣ ሚሊ ሜትሩን ብቻ እመኑ።

መነሻው ወይ መዝጊያው ጠበበ

ኮፍያው ጭንቅላት ላይ አልወርድ አለ፣ ካልሲው ተረከዝ ላይ ቆመ። ለመነሻው (መጀመሪያ ቀለበት የምንጭንበት ጠርዝ) ብዙ ሰው ሁለት መርፌ አጣምረሽ ጀምሪበት ይላል፣ እኔ አልስማማም፣ ቀለበቱን ነው የሚያተልቀው እንጂ ጠርዙን አያረዝመውም። ጠርዙን የሚያረዝመው በቀለበትና በቀለበት መሀል ያለው ክር ነው፣ ስለዚ እያንዳንዱን ቀለበት ስትጭኑ ጣታችሁን ከጎኑ አርጋችሁ ክፍተት ተዉለት። መዝጊያው (መጨረሻ ላይ ቀለበቶቹን የምንዘጋበት ጠርዝ) ላይ በአንድ ወይ ሁለት ቁጥር ወፈር ያለ መርፌ ቀኝ እጃችሁ ላይ ያዙ፣ በቃ።

ጠርዙ ይጠቀለላል

ፊቱ ሁሉ ቀጥ የሆነ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጎኑ ወደ ጀርባ፣ ላይና ታቹ ወደ ፊት። ስህተት አልሰራችሁም፣ የጨርቁ ባህሪ ነው። አጥቦ ወጥሮ ማድረቅ ለጊዜው ያስተኛዋል ግን ተመልሶ ይነሳል። የሚሻለው ከመጀመሪያው አራት አምስት ቀለበት ጎንና ጎን፣ ጥቂት መስመር ደሞ ላይና ታች በሁለቱም በኩል ጉብ ጉብ በሚል አሰራር መክበብ ነው፣ ወይ ቀጥ ግልብጥ እያፈራረቁ ላስቲክ መስራት። ሻርፑን ከጨረሳችሁ በኋላ ከሆነ ያወቃችሁት ዙሪያውን በኪሮሽ ጠርዝ ስሩለት፣ ካልሆነ ሆን ብዬ ነው በሉ።

ዙሩን አገናኘሁት ግን ተጠማዟል

መነሻው መርፌው ላይ ዞሮ እያለ ካገናኛችሁት ጨርቁ መጨረሻ የሌለው ጥምዝ ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ካያችሁት ማገናኛው ላይ ያለችው ክር አንድ ብቻ ስለሆነች እዛ ጋ መልሳችሁ ማዞር ትችላላችሁ። አምስት ዙር ካለፈ ግን መተርተር ነው፣ ሌላ መላ የለውም። በነገራችን ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሹራብ ሰሪዎች መተርተርን "እንቁራሪት" ብለው ይቀልዱበታል፣ "ሪፕ ኢት ሪፕ ኢት" (ማለትም ተርትረው ተርትረው) ሲባል የእንቁራሪት ድምፅ ስለሚመስል። እንዳይደገም ሁለት ሶስት መስመር ጠፍጣፋ ሰርታችሁ ከዛ አገናኙ፣ ጥምዙ ወዲያው ይታያል፣ የቀረችውን ክፍተት በመነሻው ጭራ ክር ትሰፏታላችሁ።

መሀሉ ላይ የቀለም መስመር ወጣ

ሁለት ጥቅል ክር፣ አንድ አይነት ስም አንድ አይነት ቀለም፣ ግን ቀን ብርሃን ላይ ሲታይ ሹራቡ ከሆዱ በታች ሌላ ነው። መለያው ላይ የቀለም ቁጥርና የተነከረበት ዙር ቁጥር ለየብቻ ተጽፏል፣ ሁለተኛው ካልገጠመ ይለያያል። ክሩ ካለቀባችሁና ያው ዙር ካልተገኘ ከአሮጌው ትንሽ ሲቀር አዲሱን አስገቡና ሁለት መስመር ከዚህ ሁለት መስመር ከዛ እያላችሁ ስሩ፣ ድንበሩ ይጠፋል። በእጅ የተነከረ ክር ከሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደዛ አርጉት።

ታጥቦ ተበላሸ

ጠበበና ጠጠር ካለ ሱፍ ነው፣ ሙቅ ውሃና ማሸት አያይዞታል፣ እሱ አይመለስም፣ ቦርሳ አርጉት። ከረዘመ ወይ ጥጥ ነው ወይ በማሽን እንዲታጠብ የታከመ ሱፍ፣ ውሃ ሲይዝ ይከብዳል፣ ስለዚ ሰቅላችሁ አታድርቁ፣ ፎጣ ላይ ጠቅልላችሁ ውሃውን ጨምቁና አስተኝታችሁ በልኩ አስተካክሉት። አክሪሊክ ላይ የጋለ ካውያ ካሳረፋችሁ ደሞ ሞተ፣ ልስልስ ብሎ ቅርፁን ያጣል፣ ተመልሶ አይነሳም።

አንድ ካልሲ ጨረስኩ፣ ሁለተኛው አልጀመር አለ

በየቡድኑ የማይሳቅበት ቦታ የለም፣ ሁሉም ሰው ቤት አንድ እግር ካልሲ አለ። መንስኤው ስንፍና አይደለም፣ ጉጉቱ የመጀመሪያው ላይ አልቋል። ሁለቱን በአንድ ረጅም ገመድ ባለው መርፌ ጎን ለጎን ስሯቸው ወይ የመጀመሪያውን የጨረሳችሁ ቀን ከመተኛታችሁ በፊት የሁለተኛውን መነሻ ጫኑ፣ መነሻ ብቻ። ከዛ የሚበልጠው ግን ሌላ ሰው ጋ መጀመር ነው፣ አንድ ፓተርን መርጣችሁ እኩል እየሄዳችሁ፣ "ተረከዝ ላይ ነኝ አንቺስ?" የሚል ሰው ሲኖር ይሰራል።

ምን እንደሆነ ጭራሽ አልገባኝም

ሳትተረትሩ ውሰዱት። ቀለበቶቹ መርፌው ላይ እንዳሉ፣ ፓተርኑ አብሮ፣ የክሩ መለያ ወረቀትም ካልጣላችሁት። የተረተራችሁት ነገር ላይ ማንም ሰው ምን እንደተፈጠረ ሊነግራችሁ አይችልም። የሚሰሩበት ቦታ ሄዶ የማያውቁትን ሰው መጠየቅ ያሳፍራል ብላችሁ ከሆነ፣ እኔም አፍሬ ነበር፣ ግን የሹራብ ሰዎች የሰው ስህተት ሲሰጣቸው አይናቸው ነው የሚበራው፣ የተወሳሰበ ክር መፍታት ራሱ የሚያስደስታቸው አሉ አረ እየለመኑ የሚወስዱ። ደሞ ከፈረንጆቹ 2005 ጀምሮ በየአመቱ ጁን ወር ላይ አለም አቀፍ በአደባባይ ሹራብ የመስሪያ ቀን አለ፣ ሰው መርፌውን ይዞ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ አጠገባቸው ሄዶ ቁጭ ማለት ነው እንግዲ።

ሰው አጠገባችሁ ከሌለና ሌሊት ከሆነ፣ ካበላሻችሁበት በታች ደህና የሆነ መስመር ፈልጉና የመስፊያ መርፌ ላይ ቀለሙ የሚለይ ቀጭን ክር አስገብታችሁ በእያንዳንዱ ቀለበት የቀኝ እግር ስር አሳልፉት። ከዛ መርፌውን አውጥታችሁ ተርትሩ፣ ክሩ ጋ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ቀለበቶቹን ወደ መርፌ መልሱና ቁጠሩ፣ ቁጥሩ ከገጠመ ቀጥሉ፣ ካልገጠመ መብራቱን አጥፍታችሁ ተኙ።