በሐኪም የታዘዘ ጫማ ከመሠራቱ በፊት ምርጫዎን እንዴት ይናገራሉ?

እናቴ የምትኖረው ካራ ቆሬ ሲሆን የስኳር ሕመም የእግሯን ነርቭ ከጎዳው ቆይቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐኪም ትእዛዝ ጫማ ተሠርቶላት ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን አልጋዋ ሥር በፌስታል እንደተጠቀለለ አገኘሁት፤ ሶሉ ጭቃ እንኳ አልነካውም። ምነው ብላት፣ «ይህን አጥልቄ ለቅሶ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ እግሬን ነው የሚያየው» አለችኝ። ልኳን የወሰደው ባለሙያ ምን ዓይነት ጫማ እንደምትፈልግ አልጠየቃትም፤ እሷም ሐኪም ባዘዘው ነገር ላይ ሐሳብ መስጠት ድፍረት መስሏት ዝም አለች።

በስኳር ሕመም ወይም በሥጋ ደዌ ነርቩ የተጎዳ እግር ጠጠርም ሆነ ሚስማር ሲወጋው አይሰማውም፤ በዝሆኔ ያበጠ እግር ገበያ ላይ ባለው ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ በቁርጥማት የተጣመመ ጣት ደግሞ ጠባብ ጫማ ውስጥ ያሠቃያል። ለእነዚህ ሁሉ የሚታዘዘው ጫማ የሚጠቅመው እግር ላይ ሲውል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ 107 የስኳር ሕሙማን የተሠራላቸውን ጫማ ምን ያህል እንደሚያደርጉ በመሣሪያ ሲለካ፣ ከቤት ውጭ ከሚራመዱት እርምጃ 87 በመቶውን፣ ቤት ውስጥ ግን 61 በመቶውን ብቻ በጫማው እንደሚራመዱ አሳይቷል፤ አብዛኛውን እርምጃ የሚራመዱት ደግሞ ቤት ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የአንድ ሳምንት ውሎዎን በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ መጻፍ ካልቻሉ ልጅዎ ይጻፍልዎ። ከቤት እስከ ታክሲ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው ወይስ በክረምት ጭቃ የሚሆን አፈር? በቀን ስንት ጊዜ ጫማ ያወልቃሉ? ጎንበስ ብለው ክር ማሰር ይችላሉ? አብዛኛውን ጊዜ የሚለብሱት ቀሚስ ነው ወይስ ሱሪ? ለባለሙያው እነዚህ መልሶች የእግርዎን ልክ ያህል አስፈላጊ ናቸው፤ ለምሳሌ ወገቡን የሚያመው ሰው ክር ያለው ጫማ ቢሠራለት አድራጊ እስኪያገኝ በባዶ እግሩ ይውላል።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚከብደው የማውለቁ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እናወልቃለን፣ መስጊድም እንዲሁ፤ ቤት ስንደርስ ደግሞ የውጭውን ጫማ በር ላይ ትተን ነጠላ ጫማ እናጠልቃለን። ለደነዘዘ እግር በካልሲ ብቻ ወይም በስስ ነጠላ ጫማ መሄድ እንደ ባዶ እግር የሚቆጠር አደጋ ነው፤ ፀሐይ ያጋለው የግቢ ድንጋይም እግሩ ሳይሰማው ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ለቤት ብቻ የሚሆን፣ ያንኑ ለስላሳ ውስጠኛ ሶል የያዘ ሁለተኛ ጫማ ይሠራልኝ እንደሆነ ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ሕመምዎን ሳይደብቁ መንገር ነው የሚሻለው።

መልኩን በተመለከተ አይፈሩ። ቀለሙ፣ ቆዳው፣ የአንገቱ ቁመት፣ በክር ወይም እየተላጠ በሚጣበቅ ማሰሪያ (ማጣበቂያ) መታሰሩ ብዙውን ጊዜ ሊመረጥ ይችላል። የማይደራደሩበት ግን አለ፤ ጣት የማይጫን ስፋትና ጥልቀት፣ ለስላሳ ውስጠኛ ሶል፣ እሾህ የማያሳልፍ ጠንካራ የውጭ ሶል፣ እንዲሁም ውስጡ ሚስማርና ሻካራ ስፌት የሌለበት መሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው አለርት ባለበት በአዲስ አበባው ዘነበወርቅ አካባቢ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከኖሩበት ዘመን ጀምሮ፣ ጫማው ራሱ ሕመሙን ለአላፊ አግዳሚው እንዳይናገር መፈለግ ቅንጦት ሆኖ አያውቅም። እናቴ ሁለተኛውን ስታሠራ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጥቁር ይሁን፣ ማጣበቂያውም ወደ ውስጥ በኩል ይሁንልኝ።» ሆነላትም።

ልክ የሚወሰድበትን ቀጠሮ ከተቻለ ከሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ እግር እየዋለ ያብጣልና። ዘወትር የሚያደርጉትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ፣ ሁለቱም እግሮች ቆመው ሳሉ ይለኩ፤ የጫማው ውስጥ ከእግሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይገባል። ዝሆኔ ያለበት ሰው በእጥበትና በእንክብካቤ እብጠቱ ሲቀንስ ልኩ ስለሚለወጥ፣ የሚጠብና የሚሰፋ ማሰሪያ ይጠይቅ። ክፍት ቁስል ካለ ግን ጫማውን ሳይጠብቁ በቅድሚያ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

አዲሱን ጫማ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አያድርጉት፤ አውልቀው መላ እግርዎን ይመልከቱ፣ ተረከዙን በመስታወት ወይም በሰው ዓይን ያሳዩ። የቀላው ቦታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ጫማውን ይዘው ተመለሱና ይስተካከልልኝ ይበሉ። ከማጥለቅዎ በፊት ሁልጊዜ ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ። በክረምት ሲርስ ከሰል ምድጃ አጠገብ አያድርቁት፣ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ውስጠኛውን ሶል አውጥተው ጥላ ሥር ያናፍሱት። ሶሉ ሲላቀቅ ወደ ሰፈር ጫማ ሰፊ ቢወስዱት፣ በማስቲሽና በክር እንጂ በሚስማር እንዳይመታው አጠገቡ ቁመው ይንገሩት።