ውክልና ከመላካችሁ በፊት ሕጉን ራሳችሁ ክፈቱት፤ ሐዋሳ ላይ ቤት ላላችሁ

ውጭ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ አገሬ ሕግ የማውቀው በስልክ የነገሩኝን ብቻ ነበር። እናታችን ካረፈች በኋላ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ባለው ቤት ላይ ክርክር ተነሣና ለታናሽ ወንድሜ ውክልና ላክሁለት። ከሥራ ቀርቼ፣ ኤምባሲ ተሰልፌ ያስጻፍኩት ወረቀት «ማናቸውንም ጉዳዬን እንዲያስፈጽምልኝ» ይል ነበር። ሁሉን የያዘ መስሎኝ ነበር። ወንድሜ ችሎት ሲቀርብ ግን «ይህ ውክልና ለክርክር አይበቃም» ተባለ። እንደገና አስጽፎ፣ አስረጋግጦና ልኮ ጉዳዩን ለማስቀጠል አራት ወር ፈጀብን።

መልሱ ስልኬ ላይ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፦ ንብረት መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ፍርድ ቤት ለመሟገት ግን ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ሁለት አጭር ቁጥሮች ናቸው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጁም።

ዛሬ ይህን ማንበብ ቀላል ሆኗል። የፌዴራል አዋጆችን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ፣ የሰበር ችሎት (የመጨረሻ ፍርዶች ላይ ያለ የሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት) ውሳኔዎችን ቅጽ በቅጽ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረ ገጽ ታገኛላችሁ። የሕግ ባለሙያዎች የሚያዘጋጇቸው እንደ አቢሲኒያ ሎው እና ችሎት ያሉ ገጾችም ሁለቱንም ሰብስበው በነጻ ያቀርባሉ። ድሮ ለአንድ አዋጅ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ድረስ ሰው ይላክ ነበር።

ፍለጋው ግን የራሱ ብልሃት አለው። ስለ ሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ የወጣው አዋጅ በአማርኛ 922/2008 ነው፤ በእንግሊዝኛ ስትፈልጉት 922/2015 ይሆናል። አንድ አዋጅ ነው፣ የዘመን አቆጣጠሩ ነው የተለያየው። ስንቱ ሰው «አዲስ ሕግ ወጣ» ብሎ እንደተደናገጠ አውቃለሁ። የፊደልም ነገር አለ፦ ከተማችንን ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ ብላችሁ ሁሉንም ሞክሩ፤ «ፍትሕ» እና «ፍትህ»፣ «አንቀጽ» እና «አንቀፅ» እንደዚያው። ሕጎች የሚታተሙባቸው ብዙዎቹ የቆዩ ነጋሪት ጋዜጦች ደግሞ እንደ ፎቶ የተነሡ ስለሆኑ በቃል ፍለጋ አይገኙም፤ በአዋጅ ቁጥር ፈልጋችሁ ገጹን በዓይን ማንበብ ነው።

ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም ልጆቻችሁ የእንግሊዝኛውን ዓምድ ቢያነቡላችሁም አማርኛውን አትዝለሉ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ሁለቱ ሲጋጩ የአማርኛው እንደሚጸና ደንግጓል።

የሐዋሳ ሰው በጣም የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ስለ ትዳርና ስለ ጋራ ንብረት ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። እርሱ የወጣው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሳለች ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ነበረው፤ ሕጎቹንም በደቡብ ነጋሪት ጋዜጣ ያወጣ ነበር። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። መሬትም ቢሆን ክልሎች የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው የሚያስተዳድሩት ነው፤ የሊዝ አዋጁን፣ ቁጥር 721/2004ን፣ አንብቦ ማቆም አይበቃም። ጠበቃችሁን «ይህን ጉዳይ የሚገዛው የትኛው ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ነው? ከ2012 በኋላስ ተለውጧል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። የክልል ሕጎች እንደ ፌዴራሉ በድረ ገጽ ተሟልተው ስለማይገኙ ቅጂውን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ማድረግ ነውር የለውም።

ሕጉ አለመሻሩንም አጣሩ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 ዛሬም በየገጹ ይገኛል፤ ግን በ1234/2013 ተተክቷል። በአዲሱ አዋጅ መጨረሻ አካባቢ «የተሻሩ ሕጎች» የሚለውን አንቀጽ እዩ። የሰበር ውሳኔም እንዲሁ ነው። ሰበር ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል፤ ችሎቱ ራሱ ግን በሌላ ጊዜ ሊለውጠው ስለሚችል የቅርቡን ቅጽ ሳታዩ የቆየውን አትያዙ።

አሁን ብዙዎቻችን ቻትጂፒቲን እንጠይቃለን። የሌለ አንቀጽ፣ ያልተሰጠ የሰበር ውሳኔ ከነመዝገብ ቁጥሩ ጽፎ ሊሰጣችሁ እንደሚችል እወቁ። የምታነቡትን እንዲያቀልላችሁ ተጠቀሙበት፤ ቁጥር ሲጠራላችሁ ግን ጋዜጣውን ራሱን ሳትከፍቱ ለዘመድም ለጠበቃም አታስተላልፉ።

የቤቱ ማኅደር፣ የካርታው ይዞታ፣ እግድ መኖር አለመኖሩ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ በአካል የሚጣራ ነው። ለዚያ አገር ቤት ያለ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ ውክልናውም ኤምባሲ ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማለፍ እንዳለበት አስቀድማችሁ ጊዜ ያዙለት።

ሁለተኛውን ውክልና ስጽፍ ለመክሰስ፣ ተከሶ መልስ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ይግባኝ ለማለት ብዬ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። «ለመሸጥ» የሚለውን አላስገባሁም። ወንድሜን ስለማላምነው አይደለም፤ ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ ገና አልተነጋገርንም ነበር። ይህንኑ ደውዬ ነገርኩት፣ እርሱም «ጥሩ አደረግሽ እህቴ፣ እኔም ሰዎች ሽጥ እያሉ እንዳይጨቀጭቁኝ» አለኝ።